የማድ ቤት ጭስና የቤት ውስጥ አየር
(በተለይ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ለሚለወጡ ቤቶች)

መግቢያ

የእርሻ ጽሑፍ ስለ ማድ ቤት ጭስ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ይሁን እንጂ ዘሩ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ በሚከርምበት፣ ለማሳው ይሆን የነበረው ኩበት በሚነድበት፣ ጥጃውም ከቤተሰቡ ጋር በሚያድርበት ቤት ጭሱን ከእርሻው ለይቶ ማየት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞችና አባሎቻቸውን በቤት ሥራ ለሚረዱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው።

የጭሱ ጉዳት

እንጀራ የምትጋግር እናት ዓይኗን እያሸች፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ለረጅም ሰዓት ከጭሱ ውስጥ ትቆያለች። ጭሱ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የዓይን ሞራ እንዲበዛ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

የሣር ክዳንና የቆርቆሮ ልዩነት

የሣር ክዳን ጭሱን ቀስ በቀስ በመላ አካሉ ያሳልፋል። ስለዚህ ጎጆው መስኮት ባይኖረውም ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ነበረው። ቆርቆሮ ግን ምንም አያሳልፍም። ባለቤቱ ብርድን፣ አይጥንና ሌባን በመፍራት ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው ድረስ በጭቃ ሲመርገው ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ይመታል፤ በዚያም ቀዝቅዞ ተቀምጠው እስከሚሠሩት ሰዎች ራስ ድረስ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጥቁር ውሃ የዚሁ ምልክት ነው። በብዙ ድካም የተሠራ አዲስ ቤት ከአሮጌው ጎጆ የባሰ ጭስ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል። ይሁንና ከላይ መውጫ፣ ከታች ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ካላገኘ አይወጣም። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከፍቶ ጭሱ አልወጣም ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ረስቷል። ለማድ ቤት በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል፣ ትይዩ በሆኑ ሁለት ጎኖች፣ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት መተው ይበቃል። ከዚህ የተሻለው የጣሪያውን አናት የሚሸፍነውን ቆርቆሮ ከሌላው ከፍ አድርጎ መምታት ነው፤ ዝናብ እንዳያስገባም ወደ ሁለቱም ጎን ረዘም ብሎ ይውረድ። ንጹሑ አየር በበሩ ወይም በዝቅተኛ መስኮት ይገባል። ምጣዱ ግን ነፋሱ ከሚነፍስበት በር ትይዩ መተከል የለበትም፤ ነበልባሉን ወደ ጋጋሪዋ ይመልሰዋልና።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ እሳት ላይ አንድ እፍኝ እርጥብ ገለባ ጣል አድርጎ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ትንኝ የምትገባው በዚሁ በጣሪያ ሥር ክፍተት ስለሆነ ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ወንፊቱ በጥላሸት ስለሚደፈን በየጊዜው ይጠረግ። ሰዎች የሚተኙትም በአጎበር ውስጥ ይሁን። በሣር ክዳን ውስጥ የብረት ቱቦ ማሳለፍ ግን እሳት ያስነሣልና አንመክርም።

ጭሱን ከምንጩ መቀነስም ይቻላል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ፈልጦ፣ ከዝናብ አስጠልሎ ለጥቂት ወራት ማድረቅ ይገባል። ከሲሚንቶና ከቀላል አሸዋ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል።

ስለ ዘር አቀማመጥ፦ እኛ የሠራነው ስሕተት

በአንድ በቆሎ አብቃይ ቀበሌ ምድጃው ከመኖሪያ ቤት ወጥቶ በተለየ ማድ ቤት እንዲሆን መክረን ነበር። እናቶቹ በደስታ ተቀበሉ። በዘር ወቅት ስንመለስ ግን በቤቱ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ የከረመውን የበቆሎ ዘር ነቀዝ ጨርሶታል። አንድ አዛውንት፣ «እናንተ ጭሱን አወጣችሁልን፤ ነቀዙን ማን ያውጣልን?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ጭሱና ሙቀቱ ዘሩን ሲያደርቁና ተባይ ሲከላከሉ መኖራቸውን እያወቅን ምክሩን ስንሰጥ አላሰብነውም ነበር። የሣር ክዳኑንም ከተባይ የሚጠብቀው ጭሱ ስለሆነ፣ ምድጃው የወጣለት ጎጆ ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ሊታይ ይገባል።

ከዚያ የባሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። አንዳንዶቹ ከገበያ የነቀዝ ክኒን ገዝተው በከረጢቱ ውስጥ ጨመሩና ከረጢቱን ከአልጋቸው አጠገብ አስቀመጡት። ደግነቱ ጉዳት ሳይደርስ ደረስንበት። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ባለ 3 ግራሙ አንድ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይለቃል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት፣ በመስኮትም ይሁን ያለ መስኮት፣ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ዛሬ የምንመክረው በደንብ የደረቀውን ዘር አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ዘሩ ጥቂት ከሆነም ንጹሕና ደረቅ ጀሪካን ውስጥ እስከ አፉ ሞልቶ አጥብቆ መዝጋት ነው። ነቀዙ ኦክስጂን አጥቶ ይሞታል። መድረቁን ለመፈተን ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መነቅነቅ፤ ጨው ከጠርሙሱ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው። እርጥብ ዘር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይሻግታል፣ አይበቅልምም።

ስለ ከሰል

ከሰል ጭስ ስለሌለው ብዙ ሰው ጉዳት የለውም ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣመር ኃይሉ ከኦክስጂን ከ200 እጥፍ ይበልጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። በክረምት ብርድ ማንደጃ ቤት ውስጥ አግብቶ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት ክልክል መሆኑ በየስብሰባው ይነገር። አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ከረጢቱ ከመከር በፊት በጅምላ ቢገዛ ለአባላት በወቅቱ ይደርሳል። የምድጃው ቅርጽ ማውጫም አንድ ለብዙ ቤት ያገለግላል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጊዜውን ማወቅ ነው። የጭስ መውጫው ቆርቆሮው ከመመታቱና ግድግዳው ከመመረጉ በፊት ከታሰበ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ በኋላ ግን ባለቤቱ አዲስ ቤቱን አፍርሱ የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ለአባሉ ቆርቆሮ ሲያስረክብ ለልማት ሠራተኛው ይንገር፤ እሱም ቤቱ በሚመረግበት ቀን በቦታው ይገኝ።