ከእንጦጦ እስከ ፍልውሃ

ልጆች ሆይ፤ አገር ማየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዐይንን ብቻ ይዞ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ዐይንንና ጥያቄን ይዞ መሄድ ነው። ዐይኑን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው፥ ቤት አየሁ፥ ዛፍ አየሁ፥ ውሃ አየሁ ብሎ ይመለሳል። ጥያቄ የያዘው ግን፥ ይህ ቤት ስለ ምን በዚህ ቦታ ተሠራ? የሠሩትስ ሰዎች ስለ ምን ትተውት ሄዱ? ይላል። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ የያዝነውም ጥያቄ አንድ ነበረ፤ ይኸውም በእንጦጦ ተራራ ላይ የነበረው የንጉሥ ከተማ ስለ ምን ወደ ፍልውሃ ወረደ? የሚል ነው።

በጥቅምት ወር፥ ክረምቱ ካለፈ ሰማዩም ከጠራ በኋላ፥ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ከሃያ ሁለት ተማሪዎች ጋራ ከሽሮ ሜዳ ተነሣን። ሽሮ ሜዳ በእንጦጦ ግርጌ ያለ፥ ሸማኔዎች የሠሩት ነጠላና ጋቢ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። መሪያችን አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ዜማውንም የአገሩንም ታሪክ የሚያውቁ፥ ሲናገሩም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ስንቃችን ዳቦ ቆሎና በሶ ነበረ።

መሪጌታ ከመነሣታችን በፊት ከአንድ እንጨት ሻጭ ሃያ ሁለት ፍልጥ ገዙና ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ አደሉ። «ይህን ይዛችሁ ትወጣላችሁ» አሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ «መሪጌታ፥ ወደ ደን እየሄድን እንጨት ስለ ምን እንሸከማለን?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «ከላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ» ብለው በትራቸውን ይዘው ቀደሙ።

በመጀመሪያ ፍልጡ መጫወቻ ሆነ። አንዱ እንደ ጠመንጃ በትከሻው ያዘው፤ ሌላው እንደ ሰይፍ መዘዘው። ዳገቱ ሲበረታ ግን ጨዋታው ቀረ። ፍልጡ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘዋወር ጀመር። ከሁሉ በአካል የሚበልጠው ልጅ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ፍልጡን ከአንድ ቍጥቋጦ ሥር ጣለው። ከበስተኋላው ትመጣ የነበረች ቀጭን ልጅ ግን አየችው፤ ምንም ሳትናገር አንሥታ ከራሷ ጋራ ሁለቱን ይዛ ወጣች። መሪጌታም አይተዋል፤ እርሳቸውም ምንም አልተናገሩም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ በተራራው ራስ ላይ ደረስን። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ፀሐይ ወጥታም ሳለ ነፋሱ ጆሮን ይቈርጣል። መሪጌታ በጋቢያቸው ተጠቅልለው በበትራቸው ወደ ሰሜን አመለከቱ። «በዚያ ወገን የዘነበ ዝናብ ወደ ሙገር፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ግብጽን አጠጥቶ ባሕር ይገባል። በዚህ በደቡብ ወገን የዘነበው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ከሐይቅ ገብቶ ይቀራል» አሉ። አንድ ተራራ ላይ አብረው የወረዱ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ይለያያሉ።

ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄድን፤ ከደጅ ሆነን ተሳልመን ስምንት ማዕዘን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ዞረን አየን። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በዚህ ተራራ ላይ ከተሙ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሁለት ቀን በኋላም ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በአጠገቧ ያለው የንጉሡ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፥ ግድግዳው ነጭ የተቀባ፥ ክዳኑ ሣር ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ወርቅና ዕብነ በረድ ሲጠብቁ ይህን ባዩ ጊዜ ጥቂት ዐዘኑ። እኔ ግን ሣር ክዳኑን በማየታቸው ደስ አለኝ፤ የንጉሥ ኀይል ሁልጊዜ በቤቱ ግድግዳ አይለካምና።

ቅጥሩን ከሚጠብቀው ሰው ፈቃድ ከተጠየቀ በኋላ፥ ሣርም ዛፍም በሌለበት በራቁት መሬት ላይ መሪጌታ ሃያ ሁለቱን ፍልጥ አስከመሩና እሳት አነደዱ። ሁላችን ዙሪያውን ተቀመጥን። ፍልጡን የጣለው ልጅ ግን ከሩቅ ቆመ። ሁለቱን የተሸከመችው ልጅ ከተቀመጠችበት ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችው፤ እርሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ መጥቶ ተቀመጠ። በሶውን በጥብጠን ጠጣን፥ ዳቦ ቆሎውንም በላን፤ ነፋሱም የተረሳ መሰለ። ነገር ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ እሳቱ ዐመድ ሆነ፤ ብርዱም ተመለሰ። መሪጌታ በዐመዱ ላይ አፈርና ውሃ ካፈሰሱ በኋላ እንዲህ አሉ።

«ሃያ ሁለት ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሸክመን ያመጣነው እንጨት ይኸው አለቀ። አሁን እናንተ ዐስቡ። በዚህ ተራራ ላይ ንጉሡ ብቻቸውን አልነበሩም። ወታደሩ ነበረ፥ ሚስቱና ልጆቹ ነበሩ፥ እንጀራ ጋጋሪው፥ ጠጅ ጣዩ፥ አንጥረኛው ነበረ። እንጀራ ሁሉ በእሳት ይጋገራል፤ ወጥ ሁሉ በእሳት ይሠራል፤ በዚህ ብርድ ሌሊቱም ያለ እሳት አይነጋም። ከተማው በተከተመ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአቅራቢያ ያለው ዛፍ እየተቈረጠ አለቀ። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ከሩቅ፥ እህሉም ከቆላው ይህን ዳገት በሰው ጀርባና በበቅሎ መውጣት ነበረበት።»

ያን ጊዜ ፍልጡ ስለ ምን እንደ ታደለ ሁሉም ዐወቀ። አንዳንዱ ትከሻውን ያሽ ነበር።

የቀድሞው ልማድ ይህ ነበረ፤ እንጨት ሲያልቅ ነገሥታቱ ከተማቸውን ትተው ሌላ ይከትማሉ። እንጦጦም እንዲሁ ተተወ። አዲስ አበባም ራሷ ልትተው ጥቂት ቀርቷት ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ ዓለም አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ምክንያቱም የእንጨት ማጣት ነበረ። ነገር ግን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በዚያው ዘመን ተተክሎ ፈጥኖ አደገ። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ስሙም እንዲሁ ቀረ። ሲቈርጡት ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ በጥቂት ዓመትም ለማገዶ ይደርሳል። ስለዚህ ከተማው ከመሰደድ ዳነ፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህም ሁሉ ሆኖ ባሕር ዛፍ ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ውሃ በብዙ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። አንድን ችግር የሚያርቅ ነገር ሌላውን ይዞ ሊመጣ እንዲችል ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ቍልቍለቱን ስንወርድ በባሕር ዛፉ መካከል አንዲት ሴት አገኘን። በጀርባዋ የተሸከመችው የእንጨት እስር ከቁመቷ ይረዝማል፤ መንገዱንም በወርዱ ይዘጋዋል። በዚያ ተራራ ብዙ ሴቶች ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲወርዱ ኖረዋል። ጥቂት ለማረፍ እስሩን ወደ ድንጋይ አስጠግታ ተቀመጠች። መሪጌታ «እናቴ፥ እንደ ምን አደርሽ?» አሏት፤ እርስዋም «እግዚአብሔር ይመስገን፥ አባቴ» አለች። ያ ትልቁ ልጅ ቀረበና «እማማ፥ እኔ ላንሣልሽ» ብሎ በሁለት እጁ ያዘው። ጫፉን እንኳ ከድንጋዩ ማላቀቅ አልቻለም። ሴቲቱ ሳቀች፤ ሳቋ የመሳለቅ አልነበረም። «ተወው ልጄ፥ ይህ ልምድ ነው፤ እኔ እንዳንተ ሳለሁ ጀምሬዋለሁ» አለችው። ከዚያም ገመዱን በደረቷ አጥብቃ፥ ወደ ፊት ጐንበስ ብላ ብድግ አለችና ከእኛ ፈጥና ወረደች።

ከሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ ተሳፈርን። በስድስት ኪሎ በኩል ስናልፍ የሰማዕታቱን ሐውልት ከመስኮት አየን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ላለቀው ለአዲስ አበባ ሕዝብ መታሰቢያ የቆመ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። የዚያ ነገር ትምህርት በሌላ ቀን ይነበባል።

ፍልውሃ ስንደርስ ቀትር ዐልፎ ነበር። ቦታው ከእንጦጦ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ነፋሱም ለስላሳ ነው። ከበላዩ ባለው ኮረብታ ላይ ታላቁ ቤተ መንግሥት ይታያል። የከተማው መጀመሪያ ይህ ነው። ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደዚህ ሙቅ ውሃ ወረዱ፤ ቦታውን ወደዱት፤ በአጠገቡም ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ያን ጊዜ ገና እቴጌ አልተባሉም ነበር። መኳንንቱም እየተከተሉ በየኮረብታው ቤት ሠሩ። ዘውዱ ግን፥ ቀደም ብለን እንዳነበብነው፥ ከሦስት ዓመት በኋላ በተራራው ላይ ተጫነ፤ ከተማ እንደ ድንኳን በአንድ ቀን ተነቅሎ አይወርድምና።

ከዚያ በፊት ቦታው ባለቤት የሌለው ምድረ በዳ አልነበረም። ስሙ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ በዙሪያው የሚኖሩት ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን ወደ ምንጩ እያወረዱ ያጠጡ ነበር። ከተማው እየሰፋ በሄደ ጊዜ እነዚያ ሰዎች ከምድራቸው ተነሥተዋል። ስለ አዲሲቱ አበባ ስናነብ፥ አበባዪቱ ከመተከሏ በፊት በመሬቱ ላይ ማን ይኖር እንደ ነበረ ልንረሳ አይገባም።

ልጆቹ ወደ ውሃው በተጠጉ ጊዜ እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። አንዱ «ይህን ውሃ የሚያፈላው እሳት የት ነው? እንጨቱንስ ማን ይማግደዋል?» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ መሪጌታ ግን ጥያቄው መልካም ነው ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እንዲህ ያለውን መመለስ የኔ ፋንታ ነበረና። እኔም እንዲህ አልኋቸው። በእንጦጦና በዙሪያው ባሉት ከፍታዎች ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ በወንዝ አይሄድም፤ ከፊሉ በዐለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ምድር ጥልቅ ይወርዳል። ከምድር በታች ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ይልቁንም አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ያለች ስለ ሆነች በዚህ አገር የምድሩ ትኩሳት ቅርብ ነው። ውሃው በዚያ ጥልቀት ይግልና በሌላ ታላቅ ስንጥቅ ወደ ላይ ይመለሳል። ስንጥቁ የተከፈተበት ቦታ ይህ ነው። በዐለቱ ውስጥ ሲያልፍም ከድንጋዩ ጨውና ማዕድን አሟሙቶ ያመጣል። በኋላ ዘመን ብዙ ውሃ ስለ ተፈለገ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ በመሣሪያ ይሳብ ጀመር።

«እንግዲያስ» አለች ሁለት ፍልጥ የተሸከመችው ልጅ፥ «ይህ ማንም ሰው እንጨት ሳይሸከምለት የሞቀ ውሃ ነው።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእንጦጦ ላይ አንድ ጋን ውሃ ለማሞቅ ስንት ጀርባ ይጐብጥ እንደ ነበረ ዛሬ ያያችሁት እናንተ ናችሁ። ጣይቱ ቦታውን ስለ ውበቱ ወደዱት ይባላል፤ እውነት ነው። እንጨት ተሸካሚው ግን ስለ ሌላ ነገር ሳይወደው አይቀርም።»

በመታጠቢያው ደጅ ተራ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ጕልበታቸው የታመመ፥ ወገባቸው የደከመ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ይበዙ ነበር። ሙቅ ውሃ የደከመ ጅማትን እንደሚያሳርፍ ሐኪሞችም ይናገራሉ፤ ሕመምን ሁሉ ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም። ከሰልፉ ኋላ አንድ ዐይነ ስውር ሰው በትሩን ይዞ ብቻውን ቆሞ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለውን፥ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውንና ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ያጣውን በሽተኛ፥ ልጆቹ በዚያው ሳምንት አንብበውት ነበር። ማንም ግን ስለ እርሱ አላነሣም። ያ ትልቁ ልጅ ብቻ ወደ ዐይነ ስውሩ ሄዶ «አባባ፥ ትከሻዬን ይያዙ» አላቸውና ተራቸው እስኪደርስ አብሯቸው ቆመ።

ሲመለስ ፀሐይ ወደ መናገሻ ተራራ አዘንብላ ነበር። ከመሪጌታ አጠገብ ተቀምጦ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «መሪጌታ፥ ያች እንጨት የተሸከመችው ሴት ወደዚህ ትመጣ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ።

መሪጌታም «አላውቅም ልጄ» አሉ። «አጠገቧ ሳለን አልጠየቅናትም።»