የቃላት መረብ፦ ከጀርመንኛው ምን እንማራለን?

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በቦኬ ገበያ አንድ ገበሬ «ፈንዲሻ» ቢል፣ በኦሮምኛም ይናገር በአማርኛ፣ የሚያወሳው ከማሳው የሚያጭደውን የማሽላ ዓይነት ነው። ይህንኑ ቃል የሚሰማ የአዲስ አበባ ተማሪ ግን ከቡና ጋር የሚቀርበውን የፈነዳ በቆሎ ያስባል። ሁለቱ ጥቂት ቢነጋገሩ ይግባባሉ። ኮምፒዩተር ግን የሚያየው አራቱን ፊደላት ብቻ ነው፤ ማሳውንም ሆነ ብረት ምጣዱን አያውቅም። ታዲያ በምን ይለያቸው?

ከተሰጡት መልሶች አንዱ የትርጉም መረብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1985 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዎርድኔት የተባለውን የእንግሊዝኛ መረብ ጀመሩ። የእርሳቸውን ፈለግ የተከተለው የጀርመንኛው ጀርማኔት ከ1997 ጀምሮ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሲገነባ ቆይቶ፣ ዛሬ ከ150,000 በላይ የትርጉም ቋጠሮዎችን ይዟል። ስሞችን፣ ግሦችንና ቅጽሎችን ያጠቃልላል።

ቋጠሮ ማለት አንድ ጽንሰ ሐሳብን የሚገልጹ ቃላት በአንድነት የሚታሰሩበት ስፍራ ነው። ጀርመኖች ብርቱካንን «ኦራንጀ» ወይም «አፕፈልዚነ» ይሉታል፤ ሁለቱ ቃላት በአንድ ቋጠሮ ይገባሉ። በአንጻሩ «ሽሎስ» ቤተ መንግሥትም የበር ቁልፍም ስለሆነ በሁለት ቋጠሮዎች ይገኛል፤ አንዱ ከሕንፃዎች፣ ሌላው ከመሣሪያዎች ወገን። በክሪስታል ውስጥ የአንድን አቶም ስፍራ በጎረቤቶቹ እንደምንገልጽ ሁሉ፣ እዚህም ትርጉም የሚታወቀው በጎረቤት ነው። (የፊዚክስ መምህር ምሳሌ ከዚህ አይርቅም!)

ቋጠሮዎቹን የሚያያይዙት ክሮች ስም አላቸው፤ ዋናው «የዚህ ዓይነት ነው» የሚለው ነው። ከማሽላ ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ጤፍ ብንሄድ ሁለት እርምጃ ነው። ከማሽላ ወደ ማጭድ ለመድረስ ግን እጅግ ከፍ ወዳለ ጽንሰ ሐሳብ ወጥተን መውረድ ይኖርብናል። ልብ በሉ፤ በጽሑፍ ውስጥ ማሽላና ማጭድ አዘውትረው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከብዙ ጽሑፍ የሚማሩት የዘመናችን ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች ቅርበትን የሚለኩት ከእንዲህ ዓይነቱ አብሮ መገኘት ተነሥተው ነው። መረቡ ግን ቅርበቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። በኮምፒዩተር የሚነበብ ጽሑፍ ላነሰው እንደ አማርኛ ላለ ቋንቋ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ሌላው ክር «ምክንያት ይሆናል» የሚለው ነው፤ መግደል ለመሞት ምክንያት ነው። ጀርመንኛ ለዚህ ሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት አሉት። አማርኛ ግን ብዙ ጊዜ ክሩን በቃሉ ውስጥ ይዞታል፤ ፈላ፣ አፈላ፤ ደረቀ፣ አደረቀ። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥን ከነርባታው ሲያጠና ይህንኑ ዝምድና በቃሉ ይይዛል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም በዚሁ የግሥ ትምህርት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የመረቡን አንድ ክፍል ከርባታው በደንብ ማውጣት የሚቻል ይመስላል፤ ሆኖም «ገባ» እና «አገባ» ሲገናኙ ደንቡ ይሰናከላል። ያገባ ሰው ሌላውን ያስገባ አይደለምና፣ እያንዳንዱን ክር ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው መመርመር አለበት። በዚህ ላይ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው።

ለአማርኛ እንዲህ ያለ መረብ ለመሥራት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። ከሁሉ ቀላሉ መንገድ የውጭውን መረብ ቋጠሮ በቋጠሮ መተርጎም ነው። በዚህ መንገድ ብርቱካን ቦታውን ያገኛል፤ በማሽላ ሥር ግን ሙይራ፣ ወገሬና የቦኬው ፈንዲሻ ሊሰቀሉበት የሚገባው ቅርንጫፍ ከቱቢንገን አይመጣም። እርሱን የሚቋጥረው፣ ገበሬውን «ይህ የምን ዓይነት ነው? ከዚያኛው በምን ይለያል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።