ከገበያ መዝገብ ስለ ተሰረዙ አክሲዮኖች

ዕቃን በረከሰ ጊዜ መግዛት የነጋዴ ብልኀት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ብልኀት ግን የተገዛው ዕቃ መልሶ ገዢ የሚያገኝ መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ነው። አክሲዮንም የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ስለ ሆነ ከዚህ ደንብ አይወጣም። ከአክሲዮን ገበያ መዝገብ የተሰረዘ ኩባንያ አክሲዮን በሩብ ዋጋ ሲቀርብ፥ የዋጋው ማነስ ዓይንን ይስብና ይህን ምርመራ ያስረሳል።

መሰረዝ ምን ማለት ነው?

አንድ ኩባንያ በገበያ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሒሳቡን በየጊዜው የመግለጥ ግዴታ ይኖርበታል፤ የአክሲዮኑም ዋጋ ለሁሉ በግልጥ ይታወቃል። ከመዝገቡ ተሰረዘ ማለት ኩባንያው ፈረሰ ማለት አይደለም። ባለአክሲዮኑ ባለቤትነቱን፥ በጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብቱንና ትርፍ ሲታደል የሚደርሰውን ድርሻ እንደ ያዘ ይቆያል። የሚያጣው ገበያውን ነው፤ ይኸውም የታወቀ ዋጋንና የተዘጋጀ ገዢን ነው።

የመሰረዝ ምክንያት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በውል የሚደረግ ነው። በኬንያ ነዳጅ ያከፋፍል የነበረውን ኬኖልኮቢልን፥ ሩቢ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአንድ አክሲዮን 23 የኬንያ ሽልንግ ከፍሎ ስለ ጠቀለለው፥ አክሲዮኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ከናይሮቢ ገበያ ወጣ። በዚህ ጊዜ ሽያጩን የተቀበሉት ባለአክሲዮኖች ገንዘባቸውን ቈጥረው ተረከቡ።

ሁለተኛው በውድቀት የሚመጣ ነው። የአሜሪካው ኤንሮን አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2000 እስከ 90 ዶላር ደርሶ ነበር። የሒሳቡ ማታለል በተገለጠ ጊዜ ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ወረደ፤ ኩባንያው በ2001 መጨረሻ መክሠሩን አስታወቀ፤ በ2002 መጀመሪያም ከኒውዮርክ ገበያ ተሰረዘ። የ90 ዶላሩን አክሲዮን በአንድ ዶላር አገኘሁ ብሎ የተደሰተ ገዢም ያችኑ አንድ ዶላር አጣት።

በአገራችን የታየው

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር፥ የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ብዙ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ ይህ ገበያ ቀረ። በዚያ ጊዜ የጠፋው የአንድ ኩባንያ ስም ከመዝገብ ላይ ሳይሆን መዝገቡ ራሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የአክሲዮን ማኅበር ቢቋቋምም፥ ድርሻውን ሊሸጥ የፈለገ ሰው ገዢውን በዘመድና በወዳጅ ሲያፈላልግ ኖረ።

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በመዝገቡም በመጀመሪያ የሰፈረው ወጋገን ባንክ ነው። እንግዲህ መዝገብ ከተከፈተ፥ የመግቢያውን ደንብ ብቻ ሳይሆን የመውጫውንም ትርጕም ማወቅ ተገቢ ነው።

አንድ ምሳሌ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በሁምቦ ጠበላ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ 60,000 ብር አለው እንበል። የመጀመሪያ ዋጋው 1,000 ብር የነበረ፥ ከመዝገብ የተሰረዘ አክሲዮን በ300 ብር ሲቀርብለት 200 አክሲዮን ይገዛል፤ በልቡም 200,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ያገኘ ይመስለዋል። የበቆሎ መከር ሲደርስ ግን ገበሬው የሚሻው ጥሬ ገንዘብ እንጂ የአክሲዮን ወረቀት አይደለም። ወረቀቱን የሚገዛው ሰው ስለማይገኝ፥ ነጋዴው ወይ በወለድ ይበደራል፥ ወይ የዓመቱን ንግድ ለጎረቤቱ ይለቃል።

ኩባንያው ፈርሶ ሒሳቡ ቢጣራ ደግሞ የባሰ ይሆናል። ንብረቱ ተሸጦ 40 ሚሊዮን ብር ቢገኝ፥ የሠራተኛ ደመወዝ፥ ግብርና የባንክ ዕዳ ግን 46 ሚሊዮን ቢሆን፥ ለባለአክሲዮኖች የሚተርፍ የለም። የጎደለውን 6 ሚሊዮን ክፈል ተብሎ ነጋዴው አይጠየቅም፤ ነገር ግን 60,000 ብሩ ቀረ። ባለአክሲዮን የሚካፈለው ገንዘብ ጠያቂ ሁሉ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ነውና።

ከመግዛት በፊት የሚመረመር

አንደኛ፥ ኩባንያው የተሰረዘው በፈቃዱ ነው ወይስ በጥፋቱ? ግብይቱ ለጊዜው መታገዱስ እንደ ሆነ? የኬንያ አየር መንገድ አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2020 ታግዶ በ2025 እንደ ገና መሸጥ ጀምሯል፤ እገዳና መሰረዝ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፥ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ የቅርብ ጊዜ ሒሳብ አለን? በመያዣ የተያዘው ንብረትስ ምን ያህል ነው?

ሦስተኛ፥ ሻጩ በእውነት ባለቤት መሆኑ ተረጋግጦ፥ ዝውውሩ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ይጻፋልን? አገናኙስ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለውን?

አራተኛ፥ የሚከፈለው ገንዘብ ለመከር፥ ለጉምሩክ ወይም ለሱቅ ኪራይ የሚፈለግ አይደለምን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ካልተገኘ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አክሲዮኑ ውድ ነው። ነጋዴ ገዢ የሌለውን ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ ባየ ጊዜ ያዝናል፤ ገዢ የሌለው አክሲዮንም ከሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ያው የማይሸጥ ዕቃ ነው።