ስለ መጻፊያ ጠረጴዛ ቁመትና ስለ ጸሐፊው አቀማመጥ

ነጋዴ ሚዛኑን ሳያረጋግጥ እህል አይረከብም፤ ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ የሚሠራበትን ጠረጴዛና ወንበር ግን ብዙ ጊዜ ሳይለካ ይገዛል። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሾና ሽንኩርት በሚጫንበት ወራት መዝገብ ያዥ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚያመሽበት ቀን አለ። ወገቡ የደከመ ሰው ደግሞ ቍጥር ለመሳት ቅርብ ነውና፥ ነገሩ የጤናም የሒሳብም ጉዳይ ነው።

በሱቆቻችን የሚታየው ጕድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ለቆመ ሰው የተሠራውን ባንኮኒ ተቀምጦ መጻፊያ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ትከሻ ወደ ላይ ይሰቀላል፥ አንገትም ይደክማል። ሁለተኛው፥ ወደ ኋላ ያዘነበለውን የፕላስቲክ ወንበር ለረጅም ጽሕፈት ማዋል ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ ወደ መዝገቡ የሚያጐነብስ ሰው ዳሌው ወደ ኋላ ይዞራል፥ የወገቡም አጥንት የተፈጥሮ ቅርጹን ይለቃል።

የቤተ ክህነት ቁም ጸሐፊዎች በጥንቱ ልማድ ብራናውን በጕልበታቸው ላይ ያኖሩታል፤ ገጹም ዘንበል ብሎ ወደ ዓይን ይቀርባል። ማንዳል የተባሉት የዴንማርክ ቀዶ ሐኪምም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘንበል ያለ የጠረጴዛ ገጽና ወደ ፊት ያዘነበለ መቀመጫ ለወገብ እንደሚበጅ አስተምረዋል።

የአለካኩ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ አስቀድሞ ወንበሩ ይስተካከል፤ ጸሐፊው ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ መሬቱን በሙሉ ይርገጡ።

2ኛ፤ ትከሻውን አሳርፎ ክርኑን ሲያጥፍ፥ ከመሬት እስከ ክርኑ ይለካ። የጠረጴዛው ገጽ በዚሁ ልክ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን።

3ኛ፤ መሳቢያው ጭኑን የማይነካ፥ ለጕልበቱም በቂ ስፍራ የሚተው ይሁን።

4ኛ፤ ኮምፒዩተር ካለ፥ የመስተዋቱ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር ትይዩ ይሁን።

በገበያ የሚገኘው ጠረጴዛ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ72 እስከ 75 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ፥ ለአጭር ሰው ይረዝማል። ይሁን እንጂ መጣል አያሻም፤ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ከእግር በታች ሣንቃ ማኖር ይበቃል። ጠረጴዛው ካጠረም ከእግሮቹ ሥር እንጨት ይደረባል።

እንግዲህ አስመጪዎች ቁመቱን በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ቢጽፉ፥ ባለሱቆችም ለአናጢ ከማዘዛቸው በፊት ጸሐፊያቸውን አስቀምጠው ቢለኩ መልካም ነው። ጸሐፊውም በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ብሎ ወገቡን ያፍታታ፤ የተስተካከለ ጠረጴዛም ቢሆን ያለ ዕረፍት የተቀመጠን ሰው ከድካም አያድነውምና።