ዛላ በርበሬን መርጦ የማሰናዳት ሥርዓት

የባልትና ነገር በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው በርበሬን የሚያጣፍጠው የቅመሙ ብዛት ይመስለዋል፤ እኔ ግን የበርበሬው ዕጣ የሚወሰነው ገና ገበያ ላይ፣ ዛላው በእጅ ሲዳሰስ ነው ባይ ነኝ፤ የደከመ ዛላ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ቢያፈሱበት አይነሣምና። ይህ ዛሬ ያለ እርሱ ቀይ ወጥ የማናስበው ፍሬ፣ የዕፀዋት ሊቃውንት ከቲማቲምና ከድንች ጋር በአንድ ወገን የሚመድቡት፣ ትውልዱ ከአዲሱ ዓለም እንደ መሆኑ መጠን፣ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን ከመሻገሩ አስቀድሞ በአባቶቻችን ማእድ ላይ አልነበረም፤ ዳሩ ግን አፈራችን ተቀብሎት እንደ ማረቆና እንደ አላባ ያለውን ስመ ጥር ዛላ አፈራ።

እንግዲህ ገዢው ከመኸር በኋላ አዲሱ ምርት ገበያውን ሲሞላው ይውጣ። የማረቆው ዛላ ተለቅ ያለ፣ ቅላቱም ጠቆር ያለ ነው፤ ነጣ ነጣ ያለበትን ወይም ቢጫ ነጠብጣብ የጣለበትን ግን ይተወው። ከዚያም አንዱን ዛላ ከጆሮው አስጠግቶ ይነቅንቀው፤ ፍሬው ከውስጥ ከተንሿሿ በሚገባ ደርቋል፤ ድምፅ ከሌለው ገና እርጥብ ነው፣ ወይም ሚዛን እንዲያነሣ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ቀጥሎ ከእጀታው ሥር ሰብሮ ውስጡን ይመልከት፤ ፍሬው ገረጣ ያለ ወርቅማ፣ ግድግዳው ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል። አመድማ ብናኝ ወይም የጠቈረ ፍሬ ካየ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዛ፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያፈራ ይችላልና፣ ይህንም መርዝ የወጥ እሳት አያጠፋውም።

ዛላው ቤት ከገባ በኋላ በሰፌድ እየተለቀመ ይቀነጠሳል፣ አቧራውም በጨርቅ ይታበሳል። የማቃጠል ኃይሉ ዋና መኖሪያ ብዙዎች እንደሚያስቡት ፍሬው ሳይሆን ፍሬው የተጣበቀበት ነጭ ጅማት ስለ ሆነ፣ ለሕፃናትና ለሕሙማን ለዘብ ያለ በርበሬ የምትሻ እመቤት ጅማቱን ጭምር ታውጣው፤ ፍሬውን መቀነሷም ቅላቱን ያደምቅላታል። ከሥራውም በኋላ የሚያቃጥለው ነገር በውሃ ብቻ የማይሟሟ ስለ ሆነ፣ እጇን አስቀድማ በዘይት አሽታ ኋላ በሳሙና ትታጠብ።

ድልዙ ከዚህ ይቀጥላል። ዛላው ፀሐይ ከመታው በኋላ በሙቀጫ ሸክሸክ ይደረግና፣ ለ5 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ያህል ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ያህል ዝንጅብል፣ እንዲሁም ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጤና አዳም አብረው ተወቅጠው ይለወሱበታል፤ ከዚያም ታፍኖ አንድ ሌሊት ያድራል። መዓዛው እርስ በርሱ የሚዋሐደው በዚህ ሌሊት ነውና ችኰላ አይገባም። በማግሥቱ በሰሌን ላይ ሳስቶ ይሰጣል፤ ቀን ቀን እየተገላበጠ፣ ማታ ማታ ከጤዛ እየገባ፣ በጣት ሲጨብጡት ተንኰሻኵሾ እስኪደቅ ድረስ ይቈያል።

ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ቅርንፉዱና ጥምዙ በለሰለሰ እሳት ይታመሱ፤ ሽታቸው ከምጣዱ እንደ ተነሣ ይውረዱ፤ ያረረ ቅመም በርበሬውን ያመርረዋል። ጨውም እንደዚሁ ታምሶ ይጨመራል። ስለ መጠናቸው የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ዛላው መልካም ከሆነ ቅመሙ ይቀነስ፣ የማረቆን ዛላ የራሱን መዓዛ በቅርንፉድ መሸፈን ያሳዝናልና። ሚጥሚጣ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ያችን ደቃቅና ብርቱ ፍሬ ድልዝ አያስፈልጋትም፣ ደርቃ ከኮረሪማና ከጨው ጋር ትፈጫለች።

ከወፍጮ የተመለሰ በርበሬ ትኵስ ነው፤ በትኵሱ ከታሸገ ላብ ያወጣል፣ ላቡም ሻጋታ ይጠራል። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያም ብርሃንና አየር ቅላቱን ስለሚያደበዝዙት ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሆኖ በጨለማ ስፍራ ይቀመጥ። ለዕለት ዕለቱ የሚበቃው በትንሽ ዕቃ ተለይቶ ይውጣ፤ ትልቁ ዕቃ የሚከፈተው ትንሹ ሲያልቅ ብቻ፣ የሚጨለፍበትም ማንኪያ ደረቅ ይሁን።