ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ የማይፈለግን ጽሑፍ ማንሣት ይቻላልን?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር ይታወሳል። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። የአክስቴ የልጅ ልጅም ትምህርቱን ለመከታተል ከአምባሰል፣ ከውጫሌ፣ መጥቶ አብሮን ከርሟል። አንድ ቀን የፊዚክስ ትምህርት ይታያል። መምህሩ ስሌቱን ከላይ ወደ ታች ይጽፋሉ፤ ውጤቱ የሚገኝበት የመጨረሻው መስመር ግን ሊነበብ አልቻለም። ሁለት ነገሮች ተደርበውበታል። አንደኛው አዲስ ሶፍትዌር መገኘቱንና ለመቀበል «ኦኬ» የሚለውን ቁልፍ መጫን እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ሰማያዊ ሣጥን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቀኝ ወደ ግራ የሚሮጥ፣ ወደ አንድ አጭር ቁጥር መልእክት እንድንልክ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ነው። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ ዶክተር አይደለህም እንዴ? እስቲ ይህን ነገር አንሣለት» አሉኝ።

ሰማያዊውን ሣጥን በሁለት ደቂቃ አነሣሁት። የሚሮጠውን ማስታወቂያ ግን ዛሬም ቢሆን ማንሣት አልችልም። ሁለቱም በአንድ መስኮት ላይ፣ በአንድ ቀለምና በአንድ ዓይነት ብርሃን የሚታዩ ሆነው ሳለ ለምን ይህን ያህል ተለያዩ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሥዕሉ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የአክስቴ ቤት ዲሽ የሚያየው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ የነበረውን ሳተላይት ነው። ሐይቅ ከተማ በ11.3 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ስለምትገኝ፣ አንባቢ በትሪጎኖሜትሪ ቢያሰላው ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ይገኛል። የአምባሰል ተራራ በስተ ሰሜን ስለሆነ አይጋርደውም። ርቀቱ 36,260 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሞገዱ ይህን ለመጓዝ 0.12 ሰከንድ ይፈጅበታል። ልብ ሊባል የሚገባው ጉዞው የአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። በጣራችን ላይ ያለው ዲሽ ይቀበላል እንጂ አያስተላልፍም። በመቆጣጠሪያው (ሪሞት) ላይ ቁልፍ ስንጫን የሚወጣው፣ የሞገድ ርዝመቱ 940 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ታሕተ ቀይ ብርሃን ሦስት ሜትር ተጉዞ ሪሲቨሩ ዘንድ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል። «ይጫኑ» የሚለን ማን እንደሆነ ለማወቅ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

የዲጂታል ቴሌቪዥን ሥርጭት እንደ አናሎጉ አንድ ወጥ ሞገድ አይደለም። ሥዕሉ፣ ድምፁና ልዩ ልዩ መረጃዎች እያንዳንዳቸው 188 ባይት ወደሚሆኑ ጥቅሎች ተቆራርጠው፣ እርስ በርስ ተቀላቅለው በአንድ ፍሰት ይጓዛሉ። የእያንዳንዱ ጥቅል የመጀመሪያ ባይት ምንጊዜም 71 ቁጥር ነው፤ ሪሲቨሩ የጥቅሉን መነሻ የሚያውቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ 13 ቢት የሆነ መለያ ቁጥር ይገኛል። 2 በራሱ 13 ጊዜ ሲባዛ 8,192 ስለሚሆን፣ በአንድ ፍሰት ውስጥ እስከ 8,192 የሚደርሱ የተለያዩ መለያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። መለያው ዜሮ የሆነው ጥቅል ማውጫ ነው፤ የየጣቢያው ዝርዝር በየትኛው መለያ እንደሚገኝ ይነግራል። ዝርዝሩ ደግሞ ሥዕሉ በዚህ ቁጥር፣ ድምፁ በዚያ ቁጥር ይመጣል እያለ ያመለክታል። ሪሲቨሩ የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች ለቅሞ ሌላውን ይጥላል። በሐይቅ የገበያ ቀን ከአንድ አውቶቡስ ጣራ ላይ የራሱን ጆንያ በምልክቱ እየለየ የሚያወርድ ነጋዴ የሚሠራው ሥራ ከዚህ አይለይም።

ሰማያዊው ሣጥን በሥዕሉ ጥቅሎች ውስጥ አልነበረም። በፍሰቱ ውስጥ ለሪሲቨሩ የተላከ የማሻሻያ ሶፍትዌር መኖሩ በተለየ መለያ ተመልክቷል፤ ሪሲቨሩ ይህን አንብቦ ሣጥኑን ራሱ ሣለው። በሪሲቨሩ ማስታወሻ ውስጥ አንዱ ለቪዲዮ፣ ሌላው ለጽሑፍና ለምልክት የሚሆኑ ሁለት ንጣፎች አሉ፤ ወደ ቴሌቪዥኑ ከመላካቸው በፊት አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። የድምፅ መጠን መስመርና የጣቢያ ስም የሚታዩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ወደ ማውጫው ገብቼ ራሱን በራሱ ማሻሻያ የሚፈልግበትን ምርጫ ዘጋሁት፤ ሣጥኑም ጠፋ፤ ከሥሩ ያለው ሥዕል ምንም አልተነካም። (በነገራችን ላይ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ «ኦኬ» ከመጫን መቆጠብ ይሻላል፤ ማሻሻያው በመካከል ቢቋረጥ ሪሲቨሩ ከናካቴው ላይነሣ ይችላል።)

በሌላው ዓለም ይኸው ዘዴ ለጣቢያዎቹም አገልግሏል። የብሪታንያ ምድራዊ ዲጂታል ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀመር ኤምኤችኢጂ-5 የተባለ ቋንቋ ተመረጠለት። ጣቢያው በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ከሥዕሉ ጎን ለጎን ይልካል፤ ተመልካቹ ጣቢያውን እንደከፈተ ፕሮግራሙ ሪሲቨሩ ውስጥ ራሱ ይነሣና በመስኮቱ ጥግ ላይ «ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ» ብሎ ይጽፋል። ሪሲቨሩ መጠየቅ ስለማይችል ጣቢያው ፕሮግራሙን ያለማቋረጥ እየደጋገመ ይልከዋል። በአንድ መስመር ላይ ሲዞር የሚውል ባጃጅ ማለት ነው፤ ጠርተነው አይመጣም፣ ቆመን ከጠበቅነው ግን ይደርሳል። ምን ያህል እንጠብቅ? ፕሮግራሙ 500 ሺህ ባይት፣ ማለትም 4 ሚሊዮን ቢት ቢሆንና በሰከንድ 100 ሺህ ቢት ቢመደብለት፣ አንድ ዙር 40 ሰከንድ ይፈጃል። ግብዣው ትንሽ ቆይቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ተመልካቹ «ይሳተፉ» ቢባልም ቁልፉን ሲጫን የሚያነጋግረው ቀድሞ እቤቱ የገባውን ፕሮግራም እንጂ ጣቢያውን አይደለም።

እንዲህ ያለውን ግብዣ ማንሣት ከባድ አይደለም። ምርጫው ባላቸው ሪሲቨሮች ላይ የዲጂታል ጽሑፍን አገልግሎት መዝጋት ይበቃል። ፍሰቱን በኮምፒዩተር የቀዳ ሰው ደግሞ የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር የያዙትን ጥቅሎች በሙሉ ጥሎ ሌሎቹን ማስቀመጥ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ጥቅሎቹ ሲወገዱ የጣቢያው ዝርዝርም መታረም አለበት፤ ዝርዝሩ ሲታረም ደግሞ በመጨረሻው ላይ ያለው 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር እንደገና መሰላት አለበት። ይህ ካልሆነ ሪሲቨሩ ዝርዝሩን የተበላሸ ነው ብሎ ይጥለዋል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአውሮፓ የተስፋፋው ኤችቢቢቲቪ አብዛኛውን ጊዜ ይዘቱን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ፣ የኔትወርኩን ገመድ መንቀል ብቻ ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል።

አሁን ወደሚሮጠው ማስታወቂያ እንመለስ። ይህ የተደረበው ጣቢያው ውስጥ፣ ሥዕሉ ከመጨመቁ በፊት ነው። እያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ በሚከተለው ቀመር ይደባለቃል፦

ት = ድ × ጽ + (1 − ድ) × ሥ

ት የሚታየው ብሩህነት፣ ጽ የጽሑፉ፣ ሥ የዋናው ሥዕል ሲሆን፣ ድ የጽሑፉ ድርሻ ነው። ድ ከ1 ጋር እኩል ከሆነ ሥ በዜሮ ይባዛል፤ ያ መረጃ ወደ ሳተላይቱም አልወጣም። ጽሑፉ በከፊል የሚያሳልፍ ከሆነስ? በቀመሩ ሥን ማውጣት የሚቻል ይመስላል። ድ 0.8፣ ጽ 235፣ ሥ 100 ይሁኑ፤ ት 208 ይሆናል። መጨመቁ ግን ስሕተት ይጨምራልና 208 የነበረው 211 ሆኖ ደረሰን እንበል። ስናሰላው (211 − 188) ÷ 0.2 = 115 እናገኛለን። የ3 ስሕተት 15 ሆነ፤ አምስት እጥፍ አደገ። ድ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ስሕተቱ ያለ ወሰን ያድጋል። «ጽሑፍ አጥፊ» የሚባሉት ሶፍትዌሮች የሚሠሩት ከዙሪያው ካሉት ነጥቦች እየገመቱ ቦታውን መሙላት ነው። ለሰማይና ለግድግዳ ግምቱ ያስኬዳል፤ ለፊዚክስ ቀመር ግን አይሆንም፤ በጠፋ ቦታ 4 የነበረ ይሁን 9 ማንም ግምት አይነግረንም።

በቤቱ ይህን መለየት የሚፈልግ ተማሪ በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በሪሲቨሩ ማጉያ (ዙም) ሥዕሉን ያጉላው። ጽሑፉም አብሮ ከጎላ በሥዕሉ ውስጥ ነው፤ በመጠኑ ከቀረ የሪሲቨሩ ሥራ መሆኑ ነው። ወይም በፍላሽ ቀድቶ መልሶ ይመልከተው።

ይህን ስጽፍ የማልረሳው ሌላ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ትምህርት (ሁላችንም «ፕላዝማ» የምንለው) ሲጀመር ገና ጀማሪ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። በመስኮቱ ላይ ጥያቄ ይወጣል፣ የተሰጠው ጊዜ ያልቃል፣ መልሱ ይመጣል። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይሸፍነዋል። ማቆም አይቻልም፤ የምለምነውም ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼን «ተዉት፣ ነገ በጥቁር ሰሌዳ እንሠራዋለን» እላቸው ነበር። ይህም እንደ ማስታወቂያው ሁሉ በሥዕሉ ውስጥ የተጋገረ ጽሑፍ ነበር።

ነገር ግን የግድ መጋገር አልነበረበትም። የአውሮፓው የዲጂታል ሥርጭት ደረጃ ጽሑፍን በራሱ መለያ ቁጥር፣ ከሥዕሉ ተነጥሎ መላክን ይፈቅዳል። ፊደሎቹ እንደ ትንንሽ ሥዕል ሆነው ስለሚላኩ ሪሲቨሩ የግዕዝ ፊደል ባይኖረውም ሀሁን አስተካክሎ ያሳያል፤ የሚወስደውም ቦታ ከቪዲዮው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እንዲያውም ቀጥ ያሉ ጠርዞች ያሉት ጽሑፍ በሥዕሉ ውስጥ ሲጨመቅ ብዙ ቢት ስለሚበላ፣ መነጠሉ ለሥዕሉም ጥራት ይረዳል። ማስታወቂያው በዚህ መንገድ ተልኮ ቢሆን ኖሮ የውጫሌው ልጅ በአንድ ቁልፍ ያነሣው ነበር። በዚያ ቀን ግን የመጨረሻውን መስመር ራሱ አሰላው፤ የሳይንሱ መጽሐፍ ላይ ስናመሳክረው ምልክቱን ብቻ ስቷል፣ አሉታዊ መሆን ነበረበት። «ጋሼ፣ እሱም ማስታወቂያው ሥር ነበር» አለኝ።