ሸክምሽን በጊዜ አቅልዪ

ልጄ፣ እዚህ ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ እህቶቻችን ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ነው። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከበሩ ኋላ ተደርድሯል፤ በቡናማ ፕላስተር ተጠቅልሎ በማርከር ስም ተጽፎበታል። ውስጡ ከነላስቲኩ ያለ ወፍራም ባለ ነብር ብርድ ልብስ፣ ያልተፈታ የድስት ስብስብ፣ አንዴም ያልተለበሰ ቀሚስ ነው። ሁሉም «ሀገር ስገባ» ለሚባለው ቀን ተቀምጧል። ያ ቀን ግን ብዙ ጊዜ እኛ ባሰብነው መንገድ አይመጣም። ስለዚህ የምመክርሽን ስሚኝ።

1. ቀን ሳይጥልሽ አራግፊ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ መንፉሃ ሰፈር ላይ የሆነውን ታላላቆችሽን ጠይቂ። የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሀገር ገቡ። የዓመታት ጥሪቱን ከተቆለፈ ክፍል ትቶ በለበሰው ልብስ ቦሌ የወረደው ብዙ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ የ90 ቀን ምሕረት ታወጀ። እንዲህ ያለ አዋጅ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሸጣል፤ የሺህ ሪያሉ ዕቃ በመቶ ይሄዳል። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ የታደሰ ቢሆንም የአሠሪሽን ሐሳብ፣ የጤናሽን ነገር፣ የቤተሰብሽን ጥሪ አታውቂም።

2. ከወረቀቱ ጀምሪ። ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ የሥራ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ የልጅ የልደት ማስረጃ በአንድ ቦርሳ ይሁን። ፎቶ አንስተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ፓስፖርትሽን አሠሪ እንዲይዝብሽ የሳዑዲ ሕግ አይፈቅድም። በአንድ እጅሽ ይዘሽ የምትወጪው ይህ ቦርሳ ከታወቀ፣ ከሌላው ዕቃ መለያየት ይቀልሻል።

3. የኤሌክትሪክ ዕቃውን ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። እዚህ የቆዩ ቤቶች መብራት 127 ቮልት ነው፤ ለእሱ የተሠራው ዕቃ ገበያ ላይ «110» ይባላል። የሀገራችን 220 ነው። 110 ወይም 127 ብቻ የተጻፈበትን ጁስ መፍጫ አዲስ አበባ ወስደሽ ብትሰኪው ወዲያው ይቃጠላል። ሦስቱን እግር ወደ ሁለት የሚቀይረው መሰኪያ ቮልቱን አይቀንስም። በካርጎ ከፍለሽ የተቃጠለ ዕቃ አታድርሺ፤ እዚሁ ሽጪው።

4. ለዘመድ ከማጠራቀምሽ በፊት ዘመድን ጠይቂ። እናትሽ ሦስተኛ የቡና ስኒ ስብስብ ሳይሆን የመድኃኒት መግዣ ትፈልግ ይሆናል። የወንድምሽ ልጅ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ልጁ አድጎ ይጠብበዋል። መርካቶ የሚገኘውን ነገር ከዚህ አትጫኚ፤ የካርጎውን ሒሳብ ጨምረሽ ገንዘቡን በባንክ ላኪላቸው።

5. በእርጥቡ ስጪ። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ትናንት የመጣች ልጅ መተኛ ምንጣፍ፣ አንድ አባያ፣ አንድ ድስት አጥታ ታድራለች፤ ያንቺ ደግሞ አልጋ ሥር አቧራ ይጠጣል። ሲያረጅ የሚሰጥ ልብስ ምጽዋት አይሆንም፤ ሌላ ሰው ላይ ቆሻሻ መጣል ነው። አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ በክብር ስጪ። የሚሸጠውን ደግሞ በስልክሽ አስተዋውቂው፤ ካልሆነም ሐራጅ ቢን ቃሲም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውሰጂው። ሳትቸኩዪ ስትሸጪ ዋጋውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

6. የመታሰቢያውን ምረጪ። ሰፈርሽ ያለውን፣ በ1991 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ቀን ግቢበት። የዓረቢያን የብዙ ሺህ ዓመታት ታሪክ በ8 አዳራሽ ነው ያሳዩት። ይህን ያህል ዘመን በ8 አዳራሽ የሚበቃው መርጠው ስላስቀመጡ ነው። አንቺም የእናትሽን ነጠላና የአባትሽን ፎቶ ያዢ። አሥር ዓመት የሠራሽበትን ቤት ለማስታወስ ግን የዚያን ቤት አሮጌ ጆግና የተሰነጠቀ ሰሃን ማቆየት የለብሽም።

7. ያስወጣሽውን መልሰሽ አትግዢ። በጥሃ ገበያ ስትወርጂ ቅናሽ ሁልጊዜ አለ፤ ነገም ይኖራል። «ይህን ዛሬ ማታ እጠቀምበታለሁ ወይ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ «ሀገር ስገባ» ከሆነ ሪያልሽን ኪስሽ መልሺ። ለወደፊት ቤትሽ የሚጠቅመው የመሬቱና የቆርቆሮው ገንዘብ ነው፤ መጋረጃው ቤቱ ሲቆም ይደርሳል።

ልጄ፣ ዕቃ ማጠራቀምሽ ከስስት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የደከምሽበትን በዓይንሽ ማየት ስለምትፈልጊ ነው። ግን የድካምሽ ፍሬ ያሳደግሻቸው ታናናሾችሽና በስምሽ ያለው ቁጠባ ነው። በሚመጣው ጁምዓ ዕረፍት ስትሆኚ አንዱን ካርቶን ብቻ ፍቺ፤ ለምትሰጪያት ልጅም ሳታሳድሪ በዚያው ቀን አድርሺላት።